እማዬ፣ የሱፍ የዋና ልብስ እና የዶሮ አጥንት፦ የአራት ቀን ጉዞ ወደ አትላንቲክ ዳርቻ

ሐሙስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኬፕ ሜይ

«ባሕር ዳር ልንሄድ ነው» ስላት እማዬ ጣና መስሏት «ትኬቱ ተቆረጠ?» አለችኝ። ከተማዋን ሳይሆን የባሕር ዳርቻ ማለቴ እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። አትላንቲክ። ኒው ጀርሲ። በመኪና። ፊቷ ትንሽ ቅር አለው።

ሰበቡ የኔ አመል ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የድሮ ፖስት ካርዶች መግዛት ጀምሬያለሁ። የባሕር ዳር ሆቴሎች ፖስት ካርዶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ1900 እስከ 1925 ባለው ጊዜ የታተሙ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በኛ ስጽፍ እነግራችኋለሁ።) የመጀመሪያውን በአንድ ዶላር ስገዛ የሳበኝ አንድ ነገር ነው። ሴቶቹ ውኃ ውስጥ ቆመዋል፣ ግን ከአንገት እስከ እግር ጥፍራቸው ጥቁር ለብሰዋል። ዋና ሳይሆን ለቅሶ የመጡ ይመስላሉ። ስንቴ አገላብጬ አየኋቸው። በመጨረሻ «ለምን ቦታውን ሄጄ አላየውም?» አልኩ።

ታናሽ ወንድሜ ሊነዳልን ወዲያው ተስማማ። የሱ ምክንያት ሌላ ነው። አትላንቲክ ሲቲ ካዚኖ አለ።

የፍልሰታ ጾም ከተፈታ ገና ሳምንት አልሞላም። ስለዚህ እማዬ ረቡዕ ማታ ዶሮ ስትጠብስ አመሸች። ጠዋት ኩለሩን ስከፍተው ዶሮ፣ ድፎ ዳቦ፣ እንጀራ፣ አንድ ጠርሙስ አዋዜ። «ሆቴል ምግብ አለ እኮ» ብላት «ይኑራ!» አለችኝ። አለቀ።

መጀመሪያ ያቆምነው አናፖሊስን አልፈን ሃይላንድ ቢች የምትባል ትንሽ መንደር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ስንት ዓመት ኖሬ ስሟን አልሰማሁም ነበር። በባሪያነት ተወልዶ አምልጦ የዘመኑ ትልቅ ተናጋሪና ጸሐፊ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ቻርልስ የሚባል ልጅ ነበረው። በ1892 ቻርልስና ሚስቱ ቤይ ሪጅ ወደሚባለው ስመ ጥር የባሕር ዳር መዝናኛ ሄዱ። ጥቁር ናችሁ ተብለው ተመለሱ። ቻርልስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በማግስቱ ዓመት እዚያው አጠገብ ያለውን መሬት ገዛ። ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ እየሸነሸነ ሸጠ። የዋሽንግተን ጥቁር ምሁራንና ሐኪሞች ክረምታቸውን የሚያሳልፉበት መንደር ሆነ።

እማዬ ይህን ስነግራት ሳቋ መጣ። «ከለከሉት፣ ጎረቤት ሆነባቸው! እንዲህ ነው እንጂ።»

ቻርልስ ለአባቱ ባሕረ ሰላጤውን ትይዩ የምታይ፣ ባለ ሰገነት ቤት አሠራ። ሽማግሌው የፈለጉት ማዶ ያለውን ምድር ነጻ ሰው ሆነው ተቀምጠው ለማየት ነበር። ማዶ ያለው ምድር በባሪያነት የተወለዱበት ነው። በየካቲት 1895 ቤቱ ሳያልቅ ሞቱ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ቀጠሮ ይፈልጋል። እኛ ከውጭ ቆመን ሰገነቱን አይተን ተመለስን። እማዬ ግን ዞር እያለች ታየው ነበር። «ሳይቀመጡባት?» አለች መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ። ከዚያ ትልቁ የቤይ ድልድይ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ዳዊት መድገም ጀመረች። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስኪያልቅ አልከፈተችም።

ከሉዊስ፣ ደላዌር በፌሪ ተሻገርን። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ። መኪናውም እኛም። ስለሱ ብዙ የምለው የለም። ወንድሜ ተኛ።

ዓርብ፦ ኬፕ ሜይ

ያደርንበትን ሞቴል ስሙን አልጠራም። ፍሪጁ መብራቱ ይበራል እንጂ አይቀዘቅዝም። «እናየዋለን» አሉን፣ ማንም አልመጣም። ወንድሜ ማታና ጠዋት ከነዳጅ ማደያ በረዶ እየገዛ ዶሮውን በሕይወት አቆየው ማለት ይቻላል። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ የሚነካው የለም። እማዬ ዳቦና ሻይ፣ እኛም አፍረን ዳቦና ሻይ።

ከቁርስ በኋላ በእግር ወደ ኮንግረስ ሆል ሄድን። ለማደር አስቤ ነበር፤ ዋጋውን ሳይ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ቡና ግን ማንም ሊጠጣ ይችላል። ቢጫ ቀለም የተቀባ ግዙፍ ሕንጻ ነው። ከፊቱ እስከ ላይ የተዘረጉ ነጭ ዓምዶች፣ በዓምዶቹ ሥር የሚወዛወዙ ወንበሮች፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ባሕር። እማዬ ወንበሩን ያዘችው፣ አልለቀቀችም።

ቶማስ ሂውዝ የሚባል ሰው በ1816 በእንጨት ሲሠራው ጎረቤቶቹ ሳቁበት። «የቶሚ እብደት» አሉት። ይህን ሁሉ ክፍል ማን ይሞላዋል ብለው። ሰውየው ኋላ ለኮንግረስ ተመረጠ፤ የሆቴሉም ስም ከዚያ መጣ። በ1878 ከተማው ላይ ከባድ እሳት ተነሳ፣ ሆቴሉም አብሮ ነደደ። በዓመቱ በጡብ ቆመ። ዛሬ የምናየው ይህንን ነው። ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በ1891 ክረምቱን እዚህ ሆነው አገር መርተዋል።

እንግዲህ በ1905 አካባቢ እዚህ የሚመጣ ሰው እንደኛ ለሁለት ሌሊት አይመጣም። ከፊላደልፊያ በባቡር፣ ትልልቅ ሳንዱቅ ይዞ፣ ለሳምንታት ነው። ቁርስ ምሳ እራት ከክፍሉ ዋጋ ጋር ተቆርጧል። ሳንዱቁ የሚያስፈልገው ሴቶቹ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ስለሚቀይሩ ነው። የጠዋት ቀሚስ አለ። የዋና ልብስ አለ። ከሰዓት በኋላ ለሽርሽር ሌላ አለ፣ ለእራት ሌላ። መዋኛ ሰዓቱም የታወቀ ነው፤ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ። ሁሉም አንድ ላይ ወርዶ፣ ውኃው ውስጥ ትንሽ ቆይቶ፣ አንድ ላይ ይወጣል። የቀረው ሰዓት መታየት ነው። በረንዳ ላይ መታየት፣ ባሕሩ ዳር መታየት፣ እራት ላይ መታየት። ለመዝናናት መጥተው ይህን ሁሉ ሥራ!

ፀሐይ ደግሞ ጠላት ነበረች። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጓንት፣ ጃንጥላ። ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ፈረንጅ ማለት እርሻ ላይ የሚውል ማለት ነው፤ ሆቴል የሚያድር እመቤት እንዲያ መምሰል አትፈልግም። ነገሩ የተገለበጠው በ1920ዎቹ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ፋብሪካና ቢሮ ገብቶ ሲነጣ፣ ባለጸጋው ፀሐይ ሞቆ መቅላት ጀመረ። ይህን ለእማዬ እያስረዳሁ በዳርቻው ስንሄድ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ፀሐይ እንዳይመታት ጃንጥላ የዘረጋች ሴት አንድ ብቻ ናት። «ልጥቆርልሽ እንዴ?» አለችኝ።

ወንድሜ በዚህ መሃል ከአንድ ወጣት ጋር ይከራከራል። ኬፕ ሜይ አሸዋው ላይ ለመቀመጥ መለያ መግዛት ያስፈልጋል። «ለአሸዋ ይከፈላል?» ይላል። ይከፈላል። ከፈልን።

የዕለቱ ትልቅ ነገር ግን የተገኘው በአንዲት ትንሽ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው። ኋላ በኩል፣ ማንጠልጠያ ላይ፣ አንድ ድፍን ሰማያዊ፣ ጥቁር ሊባል የደረሰ የሴት የዋና ልብስ ተሰቅሏል። ፖስት ካርዴ ላይ ያለው ራሱ! የመርከበኛ ዓይነት ሰፊ ኮሌታ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ጥለት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ። ከሥሩ ሱሪ አለው፤ ከላዩ ጋር የተሰፋ።

እዚህ ላይ እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ እስክትወጣ የባልትና አስተማሪ ነበረች። ስፌት አስተምራለች። ባለ ሱቋን በዓይኗ አስፈቀደችና ልብሱን ከማንጠልጠያው አወረደችው። መጀመሪያ ጨርቁን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሸችው። «ሱፍ ነው» አለች። ከዚያ ገለበጠችው። ስፌቱን ከብብቱ ጀምራ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው። «የመኪና ስፌት ነው፤ ቁልፉን ግን በእጅ ነው የተከሉት። ይሄኛው ቁልፍ ተቀይሯል፣ ክሩ ሌላ ነው።» ባለ ሱቋ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ቀርባ አየችው። ለካ አላስተዋለችውም ነበር።

«ሱፍ ለምን?» አልኩ እኔ። መልሱን በከፊል አነበብኩት ነበር፣ እማዬ ግን ሳታነብ ነገረችኝ። ጥጥ ሲርስ ገላ ላይ ይለጠፋል። ነጭ ከሆነ ደግሞ ሁሉን ያሳያል። ሱፍ ርሶም ቅርጹን ይጠብቃል፣ ትንሽ ይሞቃል፣ ጥቁር ሲሆን ምንም አያሳይም። ከዚያ ልብሱን በሁለት እጇ መዘን አደረገችው። «ግን ይሄ ውኃ ሲጠጣ ምን እንደሚያህል ታውቂያለሽ? ጋቢ ነው የሚሆነው።»

ጋቢ በእጁ ያጠበ ሰው ይህን ይረዳል። ደረቁን በአንድ እጅ ታነሳዋለህ። ርሶ ከሳፋው ስታወጣው ሌላ ሰው ትጠራለህ።

በዚያ ላይ ጥቁር ስቶኪንግ አለ። በሪባን የሚታሰር የሸራ ጫማ አለ። የፀጉር ቆብ አለ። ቀደም ባለው ዘመን ቀሚሱ ውኃ ላይ ተንሳፎ እንዳይገለብ ጠርዙ ውስጥ የእርሳስ ብረት የሚሰፉም ነበሩ። ማን ይዋኛል በዚህ? ማንም። ዋና የሚችል ጥቂት ነበር። ከዳርቻው እስከ ጥልቁ በእንጨት ላይ የታሰረ ወፍራም ገመድ ይዘረጋ ነበር። ሴቶቹም ወንዶቹም እሱን ይዘው፣ ማዕበል ሲመጣ ዘለል እያሉ፣ እየጮሁ ይቆማሉ። «መታጠብ» ነው የሚሉት፤ «መዋኘት» አይደለም። ሐኪም ያዘዘላቸውም ብዙ ናቸው። የባሕር ውኃ ለነርቭ፣ ለደም፣ ለምኑም ለምናምኑም ይበጃል ተብሎ።

«እንደ ጸበል» አለች እማዬ።

ልብሱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ 185 ዶላር ነበር። እማዬ በአማርኛ ያለችውን ለባለ ሱቋ አልተረጎምኩም።

ይህ ልብስ እንዴት ጠፋ ካላችሁ፣ ሴቶች በእውነት መዋኘት ሲጀምሩ ነው። አውስትራሊያዊቷ ዋናተኛ አኔት ኬለርማን ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምራ ገላ ላይ ልክክ የሚል፣ ቀሚስ የሌለው ልብስ ለብሳ በየአገሩ ትታይ ነበር። ልጅ ሳለች እግሯ ደካማ ስለነበር እንዲጠነክር ነው ዋና የተማረችው። ከዚያ ደግሞ ፖርትላንድ ኦሪገን ያለ አንድ የሹራብ ፋብሪካ በ1913 ገደማ ለጀልባ ቀዛፊዎች በሹራብ እጅጌ ጫፍ አሠራር ልብስ ሠራ። የሚሳብ፣ የሚመለስ። ያው ሱፍ ነው፤ ግን ከገላ ጋር ይሄዳል። ፋብሪካው ኋላ ጃንትዘን ተባለ። በ1920 ቀይ የዋና ልብስ ለብሳ የምትወረወር ሴት ምልክቱ አደረገ። ቀሚሱም ስቶኪንጉም ወደ ታሪክ መግባት የጀመሩት በዚያ ጊዜ ነው።

ቅዳሜ፦ አትላንቲክ ሲቲ

ከኬፕ ሜይ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። ወንድሜ በአርባ አምስት ደቂቃ አደረሰን። ካዚኖ በር ላይ «ማታ እንገናኝ» ብሎ ጠፋ።

እኔና እማዬ ቦርድዎክ ላይ ወጣን። ከሳንቃ የተሠራ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፤ በአሸዋውና በሆቴሎቹ መሃል ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው፤ 1870። ያሠራው ነገር አሸዋ ነው። እንግዶች ከባሕሩ ሲመለሱ በጫማቸው አሸዋ ይዘው የሆቴሉን ምንጣፍና የባቡሩን ወንበር ያበላሹ ነበር። አንድ የባቡር ትኬት ቆራጭ ከአንድ ባለ ሆቴል ጋር ሆኖ «ሳንቃ እናንጥፍላቸው» አለ። የሰውየው ስም ቦርድማን መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። የቤት እመቤት ሁሉ የሚገባት ችግር ይኸው ከተማ ሠራ።

የእማዬ ጉልበት ከአሥር ደቂቃ በኋላ እምቢ አለ። የሚገፋ ወንበር ነበር፤ ከሸምበቆ የተጠለፈ፣ ጣራ ያለው፣ ጎማ ያለው፣ አንድ ሰው ከኋላ የሚገፋው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ የዚህ ቦታ ምልክት ነው። «ሰው ሰውን ይገፋል?» ብላ አሻፈረኝ አለች። ፖስት ካርዶቼ ላይ ይሄው ወንበር አለ። ባርኔጣ ያደረጉ ነጮች ተቀምጠዋል፣ ከኋላ የሚገፋው ጥቁር ሰው ነው። አንድም ጊዜ የተገለበጠ አላየሁም። ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ወጣቱን ገፊ አየችው። ቡልጋሪያዊ ተማሪ ነው፣ ለክረምት ሥራ የመጣ። «እንግዲያ ልቀመጥ» አለችና ወጣች። ሲያበቃ ከኩለሩ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። በላ።

ያየነውና ያላየነው እኩል ነው። ያላየነው ይበልጣል እንኳ። በፖስት ካርዶቼ ላይ በጣም የምወደው ብሌንሃይም የሚባለው ሆቴል ነው፤ 1906። ጉልላት ያለው፣ ቤተ መንግሥት የመሰለ፣ ግን በኮንክሪት የተሠራ። ያኔ ኮንክሪት አዲስ ነገር ነበር። በእንጨት ሆቴሎች ለተሞላች፣ እሳት ለምትፈራ ከተማ ተስማሚ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያ ነበረው፤ ለጊዜው ብርቅ ነው። በዚያ ዘመን የከተማዋ ትልልቅ ሆቴሎች ገንዳቸው ላይ አራት ቧንቧ ነበራቸው። ሁለቱ የጨው አልባ ውኃ ሙቅና ቀዝቃዛ፣ ሁለቱ የባሕር ውኃ ሙቅና ቀዝቃዛ። ባሕሩን መኝታ ቤት ድረስ አመጡት!

«እኛስ ፍል ውሃ እንሄድ የለ?» አለች እማዬ። እውነቷን ነው።

ብሌንሃይም የለም። በ1978 በፈንጂ አፈረሱት፤ ቦታው ካዚኖ ሆነ። ትልቁ ትሬይሞርም ከሱ በፊት በ1972 ፈርሷል። የመጀመሪያው ካዚኖ በ1978 የተከፈተው ግን በድሮው ሃዶን ሆል ሆቴል ውስጥ ነው፤ እሱ አሁንም ቆሟል። ከውጭ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የድሮው ጡብ ይታያል። ከውስጥ የማሽን ጩኸት ነው። ወንድሜ እዚያ ይሁን ሌላ ቦታ አላውቅም፤ ስልኩን አያነሳም።

የስቶኪንጉን ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። በመስከረም 1921 ከሎስ አንጀለስ የመጣች ሉዊዝ ሮሲን የምትባል ደራሲ እዚህ አሸዋ ላይ ስቶኪንጓን ከጉልበቷ በታች ጠቅልላ ተቀምጣለች። ፖሊስ መጥቶ «ወደ ላይ ሳቢ» አላት። እምቢ አለች። ሲይዛት በቡጢ አቀመሰችው። ታሰረች። ስለ ጉልበት ነው ይህ ሁሉ። አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። በዚያው መስከረም፣ በዚያችው ከተማ የቆንጆዎች ውድድር ተካሄደ። ሆቴሎቹ የክረምቱ ገበያ ሊያልቅባቸው ስለሆነ እንግዳውን ጥቂት ቀን ለማቆየት ያመጡት ዘዴ ነው። ለውድድሩ ሲባል ሕጉ ላላ፤ ጉልበት ተፈቀደ። ያሸነፈችው የዋሽንግተን ልጅ ናት፣ ማርጋሬት ጎርማን፣ የ16 ዓመት ልጅ። የመጀመሪያዋ ሚስ አሜሪካ እሷ ናት። ማለት ጉልበት ለራስሽ ካሳየሽ እስር፣ ለሆቴል ካሳየሽ ዘውድ። እኔ ቡጢዋን ነው የወደድኩት።

ወንዶቹም አልቀረላቸውም። ደረታቸውን መሸፈን ግዴታቸው ነበር። እስከ 1930ዎቹ ድረስ ከላይ ካናቴራ ያለው የሱፍ ልብስ ነው የሚለብሱት። ልብስ ያልያዘ ሰው ደግሞ ባሕሩ ዳር ካሉት የልብስ መለወጫ ቤቶች ይከራያል። «ሌላው የለበሰውን? ሳይደርቅ?» አለች እማዬ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ብትሉኝ መግለጽ አልችልም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሆን ብዬ ሚዙሪ ጎዳና መጨረሻ ላይ ወዳለው ዳርቻ ወሰድኳት። እዚህ አሸዋው በነጻ ነው፤ ጨርቅ አነጠፍን። ኩለሩ ተከፈተ። በበረዶ የኖረው ዶሮ በመጨረሻ ወጣ። እማዬ ባርካ ቆረሰች። የመጀመሪያውን ብልት በልቼ አጥንቱን ሳስቀምጥ ነገርኳት።

«እማዬ፣ የዚህ ቦታ ስም ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የዶሮ አጥንት ዳርቻ።»

የቀለድኩ መሰላት።

እነዚያን ሆቴሎች ያሠሯቸው ነጮች ናቸው። ያበሰሉት፣ ያስተናገዱት፣ አንሶላ የቀየሩት፣ ወንበር የገፉት ግን በብዛት ከደቡብ የመጡ ጥቁሮች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ባሕሩ ላይ ያን ያህል አጥር አልነበረም። ከ1900 ወዲህ ግን ባለ ሆቴሎቹ እንግዶቻችን ቅር ይላቸዋል እያሉ ጥቁሮችን ከፊት ለፊታቸው አስነሱ። ቀስ በቀስ የቀረላቸው ይህ ጥግ ሆነ። ቤተሰቦች ከፊላደልፊያ ሁሉ ምሳቸውን በቅርጫት ይዘው ይመጡ ነበር። የተጠበሰ ዶሮ። ሬስቶራንቱ አያስገባቸውማ! ስሙ የወጣው ከአጥንቱ ነው። ስድብ አድርገው ያወጡት እንደሆነም የሚናገሩ አሉ። ዛሬ ግን ከተማው ራሱ በክብር ይጠራዋል።

ፊላደልፊያዊው ፎቶ አንሺ ጆን ሞዝሊ እዚህ ያነሳቸውን ፎቶዎች በስልኬ አሳየኋት። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያሉ ናቸው። ሴቶቹ ሽክ ብለዋል። የዋና ልብሳቸው በልካቸው፣ ፀጉራቸው ተሠርቶ፣ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ክንዷን ጥላ። ካሜራውን ቀጥ ብለው ነው የሚያዩት። እማዬ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አስፍታ የአንዷን ልብስ ስፌት አየች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና ብዙ ጊዜ ባሕሩን አየች።

«ምጽዋ» አለች።

በ1964፣ በኛ አቆጣጠር፣ እማዬ አስመራ ጀማሪ አስተማሪ ነበረች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። ከመምህራን ጋር በአውቶቡስ ወርደው ጉርጉሱም ዳርቻ ዋሉ። ጓደኞቿ ገቡ። እሷ አልገባችም። «ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።» ለምን ስላት፣ «አስተማሪ ነኛ! ተማሪ ቢያየኝስ?» አለች። ከዚያ ወዲህ እስከዚህ ጉዞ ድረስ ባሕር አጠገብ አልደረሰችም። አሁን ሰባ አምስት ዓመቷ ነው።

እኔ ምንም አላልኩም። እሷ ራሷ ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋን አወለቀች፣ አጥፋ ጫማው ውስጥ ከተተችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አዞረችና ቋጠረችው። የለበሰችው አሮጌ የሀበሻ ቀሚስ ነው፣ ወፍራሙን፣ ቤት የምትለብሰውን። «ነይ ያዥኝ» አለች።

የመጀመሪያው ማዕበል ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። በሁለተኛው ቆመች። በሦስተኛው ወደፊት ሄድን። እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ። ክንዴን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች፤ ማታ ሳየው ሰምበር አውጥቷል። ማዕበል ሲመጣ ዘለል ትላለች፣ ትጮኻለች፣ ትስቃለች፣ ውኃው አፏ ሲገባ ትተፋለች። አጠገባችን የነበሩ ልጆች ሁለት ጨርቅ በቀረው የዋና ልብስ ቆመው ያዩናል። ከአንገት እስከ እግር ጥፍሯ የለበሰች ሴት፣ ገመዷን ይዛ። አንድ ሰው ፎቶ ቢያነሳን ኖሮ አንድ ዶላር ያወጣ ነበር።

መውጣት ነበር ችግሩ። ቀሚሱ ውኃ ጠጥቶ እግሯ ላይ ተጠመጠመ፤ መራመድ አቃታት። እየሳብኳት፣ እየሳቅን፣ ሁለት ጊዜ ወድቀን ወጣን።

ወንድሜ አመሻሽ ላይ መጣ። ስንት እንደበላው አልነገረንም። ዶሮ ግን ጠየቀ።

እሁድ፦ መመለስ

በደላዌር ድልድይ በኩል ተመለስን። መንገዱ ተጨናንቋል። እማዬ ከኋላ ተኝታለች።

ወንድሜ እንዳያንቀላፋ የታይዳል ቤዚንን ታሪክ ነገርኩት። ዋሽንግተን ውስጥ ያለውን ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ በየሚያዝያው የቼሪ አበባ ሊያዩ የሚመጡትን በመኪናው እያመላለሰ ገንዘብ የሚሠራበትን። በ1918 እዚያ አሸዋ ደፍተው መዋኛ ዳርቻ አድርገውት ነበር። በ1922 የዋና ልብስ ከጉልበት በላይ ከስድስት ኢንች በላይ እንዳያጥር ታዘዘ። አንድ ጠባቂ በርከክ ብሎ የሴት ጭን ላይ ሜትር ዘርግቶ ሲለካ የሚያሳይ ፎቶ አለ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር።

«ሥራው ይሄ ነው? ደሞዝ እየተከፈለው?»

«ለነጮቹ ነው እሱም» አልኩት። «ጥቁር እዚያ አይገባም ነበር። ማንም ሜትር ይዞ አይመጣበትም።» በ1925 ዳርቻው ተዘጋ።

ትንሽ ዝም አለና «ሁልጊዜ እዚያ ነው የማቆመው» አለ።

ቤት ስንደርስ መሽቷል። እማዬ ሳታርፍ ትናንት በላስቲክ የጠቀለልነውን ቀሚስ አውጥታ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ነከረችው። ጨው ጨርቅ ይበላል አለች። ሦስት ውኃ ቀየረች፤ በሦስተኛውም አሸዋ ወጣ። ከዚያ ጠራችኝ።

«ነይ፣ ያንን ጫፍ ያዥ።»

እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ፣ እንደ ጋቢ ጠመዘዝነው። እሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ። «ጠበቅ አድርጊው እንጂ!» አለችኝ። ውኃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«ጳጉሜ ላይ እንሄዳለን?» አለች፣ ጫፉን ሳትለቅ።